ሕመምተኛው ያለውን ጻፉ

የኦፕቶሜትሪ ረዳት ተመራቂዎች፣ ዕድሜዬን በዓይን ሕክምና ክፍል ያሳለፍኩ ነርስ ነኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ስለ ሥራችን ላውራችሁ።

ብዙ ቃል ተምራችኋል። ማዮፒያ፣ ሃይፐሮፒያ፣ አስቲግማቲዝም፣ ፕሬስባዮፒያ ብላችሁ ሸምድዳችኋል። ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁ «6/60 ምንድን ነው?» ቢሏችሁ፣ ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል ይህ ሰው የሚለየው 6 ሜትር ድረስ ሲቀርብ ነው ብላችሁ ታስረዳላችሁ። ይህን ዕውቀት አክብሩት። ሕመምተኛው ግን ከቤቱ የራሱን ቃል ይዞ ይመጣል። እኔ አጥብቄ የማምነው፣ የእሱን ቃል ሳይሰሙ የእኛን ቃል ካርድ ላይ ማስፈር ሰው እንደሚጎዳ ነው።

አንዲት እናት ከልቤ አይጠፉም። ያገኘኋቸው ሐኪም በዘመቻ ጊዜ ብቻ በሚመጣበት አንድ ጤና ጣቢያ ነው። መዝጋቢው ረዳት «ምንዎን ነው እማማ?» ሲላቸው «ሞራ ነው ልጄ» አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ ሞራ ነው ብሏቸዋል፤ «ሳይበስል አይወጣም» ተብለውም ቤታቸው ተቀምጠው ከርመዋል። ልጁ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ሞራ» ብሎ ጻፈና ለሚቀጥለው የቀዶ ሕክምና ዘመቻ መዘገባቸው። ዘመቻው የደረሰው ከወራት በኋላ ነበር። ያን ቀን የዓይናቸው ግፊት ተለካ። አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ የሚባለው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያለው ነው፤ የእሳቸው በሁለቱም ዓይን ከዚያ እጅግ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ሲመረምራቸው ግላኮማ ነበር።

አጠገባቸው ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። «ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው አየዋለሁ፤ ከጎኔ የሚመጣው ነው የማይታየኝ። የበሩ መቃን ይመታኛል፣ በጉ ሲያልፍ ይጥለኛል» አሉኝ። ቀጥለውም «ለዚያ ልጅም ነግሬው ነበር እኮ!» አሉ። ካርዱን ገልጬ አየሁ፤ ከ«ሞራ» በቀር አንድም ቃል የለበትም። የሞራ ግርዶሽ የጋረደውን እይታ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይመልሰዋል። ግላኮማ የወሰደውን ግን ማንም አይመልሰውም፤ የሚቻለው የቀረውን ማትረፍ ብቻ ነው። እኚያ እናት ወራቱን ሙሉ ሲጠብቁ የቀራቸው እይታ ያለ ሕክምና ነበር።

ያ ልጅ ክፉ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆናቸውን፣ ከእነዚህም ለግማሽ ያህሉ ምክንያቱ የሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ እንዲህ ስለበዛ ሕዝቡ የደበዘዘውን ሁሉ ሞራ ይለዋል። ለዚህ ነው ሕመምተኛው የበሽታ ስም ሲነግራችሁ አመስግናችሁ «ምን ያደርግዎታል?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

ያን ጊዜ ቋንቋችን ራሱ ያግዛችኋል። «ያሳክከኛል» ያለና «ይወጋኛል» ያለ አንድ አይደሉም። «እንደ አሸዋ ይቆረቁረኛል» የሚል ሰው ከትራኮማ አገር ከመጣ፣ የዓይኑ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሊሆን ይችላልና «በወረንጦ ይነቅላሉ ወይ?» በሉት፤ ጠዋት ነቅሎት ከመጣ ፀጉሩን ላታዩት ትችላላችሁ። «ብልጭ ብልጭ ይልብኛል፣ መጋረጃ ወረደብኝ» ያለውን ለሚቀጥለው ሳምንት አትቅጠሩት፤ ሬቲናው እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። እናት «የልጄ አንድ ዓይን ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል» ብትላችሁ የካሜራው ነው ብላችሁ እንዳትሸኟት፤ የዓይን ካንሰርም እንዲህ ሊጀምር ይችላል። እነዚህን ቃላት ካርዱ ላይ እንዳሉ ጻፏቸው፤ የበሽታውን ስም ሐኪሙ ይጨምርበታል።

ስለ ካርድ ካነሳሁ አይቀር፣ ቀኝና ግራን በሙሉ ቃል ጻፉ። የላቲኖቹ ምህጻረ ቃላት በችኮላ ሲጻፉ አንዱ ሌላውን ይመስላል፤ የዓይን ስህተት ደግሞ በሌላኛው ዓይን አይካካስም።

ጥቂት ልቆጣችሁ። ሰው ሰሌዳውን እያነበበ ስልክ የምትነካኩ ከሆነ፣ አንገቱን ሲያዘነብል፣ ዓይኑን ሲያጨነቁር፣ በጣቶቹ መሐል ሾልኮ ሲያይ ያመልጣችኋል፤ የጻፋችሁትም ቁጥር ውሸት ይሆናል። ፊደል ያልቆጠሩ አባት ሲመጡ «ማንበብ አይችሉም?» ብላችሁ በሰው ፊት አታሳፍሯቸው፤ ባለ ሦስት እግሩን ምልክት አሳይታችሁ «እግሮቹ ወዴት ዞረዋል? በእጅዎ ያሳዩኝ» በሏቸው። በዕድሜ የገፉትንም አንተ፣ አንቺ ማለት ከእናንተ አይጠበቅም፤ የተናቀ ሰው ሕመሙን አሳጥሮ ይናገራል፣ እናንተም አሳጥራችሁ ትጽፋላችሁ።

ልጆቼ፣ የምትመደቡበት ቦታ ካርድ «የሕመምተኛው ቃል» የሚል መስመር ከሌለው በእጃችሁ አስምሩለት። ወረፋው ረዝሟል፣ ጊዜ የለም የሚላችሁ አይጠፋም፤ እናንተ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ልምምዱንም ከቤታችሁ ጀምሩት። እዚህ የተቀመጡት እናትና አባቶቻችሁ ብዙዎቹ ከ40 ዓመት አልፈዋል፤ የዓይናቸውን ግፊት አስለኩላቸው፣ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቋቸው፣ ያሉትንም ሳትቀንሱ መዝግቡ።