የሙያ ማኅበርና ሐኪሙ በችግር ዘመን
ከሶማሌ ተራ የሚገኝ ትምህርት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ እምብርት የሚገኘውን ሶማሌ ተራን የማያውቅ የመኪና ባለቤት በአዲስ አበባ ብዙ አይገኝም። ካምቢዮው የተሰበረበት ወይም ፍሪሲዮኑ ያለቀበት ሰው የተበላሸውን ዕቃ ይዞ ወደዚያ ያመራል። የመጀመሪያው ባለሱቅ ዕቃውን አገላብጦ ያያል፤ ከመደርደሪያው ላይ ቢያጣው እንኳ ደንበኛውን በባዶ እጁ አይሸኘውም። ልጅ ልኮ ከጎረቤቱ ያስጠይቃል፤ ጎረቤቱም ሦስተኛውን ይጠይቃል። የውጭ ምንዛሪ አጥሮ አዲስ ዕቃ በማይገባበት ጊዜም ከአሮጌ መኪና የተፈታው መለዋወጫ ሌላውን መኪና ያስነሣል። እያንዳንዱ ሱቅ ጥቂት ነገር ብቻ አለው፤ ተራው በሙሉ ግን ብዙ አለው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ መኪና ሳይሆን ሐኪም ነው። ጥያቄውም፣ ጊዜ በከፋ ቁጥር ብቻውን የቀረ ሐኪም ሙያው እንዳይዝግበት ምን ይርዳው? የሚል ነው።

አንድ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ከዋና ከተማ ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ተመድቧል እንበል። መድኃኒት ያንሳል፤ መሣሪያ ተበላሽቶ ቆሟል፤ የሚያማክረው ስፔሻሊስት በአቅራቢያው የለም። በሁለተኛው ዓመት መጽሐፉን መግለጥ ይተዋል፤ በሦስተኛው ዓመት ወይ ሙያውን ወይ አገሩን ለመልቀቅ ያስባል። እንዲህ ያለው ሐኪም ያጣው ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ሱቅም አጥቷል።

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ የሕክምና መጽሔቱም በተከታዩ ዓመት መታተም ጀመረ። ከዚያ በኋላ የ1966ቱ አብዮት መጣ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ተካሄደ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ አገሪቱን አናወጠ። በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሐኪሞች ተሰደዱ። የመጽሔቱ ቅጾች ግን ቁጥራቸውን ተከትለው መውጣታቸውን አላቋረጡም። በቅማል የሚተላለፈውን ግርሻ ትኩሳት የመሳሰሉ፣ በሌላ አገር ያሉ መጻሕፍት በጥቂቱ ብቻ የሚያነሷቸው በሽታዎች፣ በአገሩ ሐኪም ብዕር ተመዘገቡ። የጻፈው ሐኪም ስም አተረፈ፤ ያነበበው ሐኪም በሽተኛውን አዳነ።

ከዚህ ተነሥቶ ማኅበር ለአባሉ የሚሰጠውን ጥቅም በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው ምክር ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ መገኘቱ ሲገለጽ፣ በሽታውን አስቀድሞ ያከመ ሐኪም በአገር ቤት አልነበረም። በውጭ አገር የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ያዩትን ለባልደረቦቻቸው አካፈሉ። ሶማሌ ተራ ልጅ ልኮ እንደሚያስጠይቅ ማለት ነው።

ሁለተኛው መታወቅ ነው። በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የአንድን በሽተኛ ታሪክ በሚገባ ያቀረበ ወጣት፣ በአንጋፋ ሐኪሞች ፊት ችሎታው ይታያል። የሥራ ቦታ ወይም የስፔሻሊቲ ትምህርት በተገኘ ጊዜ የሚታወሰው እርሱ ነው። የሙያ ፈቃድን ለማደስ ተከታታይ ትምህርት በሚጠየቅበት በዛሬው ዘመንም፣ ሥልጠናውን ከሚሰጡት አካላት መካከል የሙያ ማኅበራት ይገኙበታል።

ሦስተኛው መታመን ነው። በተራው ውስጥ የደከመ ዕቃ ደኅና ነው ብሎ የሸጠ ነጋዴ ስሙ ይጠፋል፤ ደንበኛው ግን ዕቃውን መልሶ ሌላ ሊፈልግ ይችላል። በሽተኛ ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ የሐኪሞች ማኅበር ከተራው ይልቅ ጥብቅ መሆን፣ የአባሉን ስሕተት ሳይሸፍን ማረም ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ሲባል ማኅበር የደመወዝ ምትክ ነው ማለት አይደለም። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2011 እና በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሥራ እስከ ማቆም የደረሱበት የኑሮ ጥያቄ በጉባኤና በመጽሔት ብቻ አይመለስም። ልጆቹን ማብላት ያቃተውን ሐኪም «ጽሑፍ አቅርብ» ማለት እንደ ቀልድ ይቆጠራል። ሆኖም ያ ጥያቄ ራሱ በአንድ ሰው አፍ ሲነገር ልመና ይመስላል፤ በማኅበር ሲነገር ግን የሙያው ጥያቄ ይሆናል።

የአባልነት መዋጮ ከፍሎ መቅረትም አይበቃም። በተራው ውስጥ ዘወትር ከጎረቤቱ እየወሰደ ለጎረቤቱ የማይሰጥ ባለሱቅ ውሎ አድሮ የሚልክለት ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ የበሽተኛ ታሪክ ጽፎ ቢያቀርብ፣ እያንዳንዱ አንጋፋ ሐኪምም በገጠር ያለን አንድ ወጣት በስልክ ለማማከር ቢመደብ፣ ወጪው ጥቂት ነው። ሌሊት በወላድ አጠገብ ብቻውን ቆሞ የሚጨነቀው ወጣት ግን የሚደውልለት ሰው ይኖረዋል።