የጠፋ ልጅ ፍለጋ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በማናችንም ቤት ሊደርስ የሚችል ነው። እናት እንጀራ ትጋግራለች፤ አባት በሬ ጠምዶ ማሳ ላይ ነው። ትንሹ ልጅ ደጅ ይጫወታል። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይጠፋል። ቢጠሩት መልስ የለም። ከዚያ ወዲያስ ምን እናደርጋለን? እሪ እንላለን። ጎረቤት ይሰበሰባል። ሁሉም በየፊናው እየሮጠ ጫካ ይገባል። ለጎረቤት ፈጥኖ መድረስ የቆየ ደግ ልማዳችን ነው። ግን ያለ ዘዴ የሮጥን እንደሆነ ልጁ የሄደበት ምልክት በእኛው እግር ይጠፋል። ስለዚህ አንድ በእውነት የደረሰ ታሪክ እናንሳና፣ ልጅ ሲጠፋ እንዴት መፈለግ እንዳለብን እንመልከት።

ታሪኩ የደረሰው ከእኛ በጣም ርቃ በምትገኘው በአውስትራሊያ ነው። ጊዜው ነሐሴ 1856 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር 1864 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ነበር። ቪክቶሪያ በምትባለው የአውስትራሊያ ክፍል፣ ከሆርሻም ከተማ በስተምዕራብ፣ ደፍ የሚባል አንድ በግ ጠባቂ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖር ነበር። ቤቱ ከሰፊ የበግ እርሻ ላይ ከሰው ርቆ የቆመ ነው። ዙሪያውን ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ከቁጥቋጦው መሀል የገባ ሰው ሩቅ ማየት ስለማይችል አቅጣጫው በቶሎ ይጠፋበታል።

አንድ ዓርብ ቀን እናት ልጆቿን ለመጥረጊያ የሚሆን ቅርንጫፍ ቆርጠው እንዲያመጡ ላከቻቸው። ትልቁ ኢሳቅ 9 ዓመቱ ነው። እኅቱ ጄን 7 ዓመቷ ነው። ትንሹ ፍራንክ ገና 4 ዓመት አልሞላውም። ከዚያ በፊትም ተልከው በደኅና የተመለሱበት ቦታ ስለሆነ እናትየው አልሠጋችም። የዚያን ቀን ግን መመለሻው መንገድ ጠፋባቸው። መሸ፤ ልጆቹ አልመጡም። ወላጆቻቸው እየተጣሩ ቢፈልጓቸው መልስ የሚሰጥ አልተገኘም።

ወሬው ለጎረቤት እርሻዎች ደረሰና 30 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡ። በፈረስም በእግርም ጫካውን ያስሱ ጀመር። አንዳንድ ቦታ የትንንሽ እግር ዱካ ያገኛሉ። ጥቂት ይከተሉትና ደግሞ ይጠፋባቸዋል። ነሐሴ እኛ ዘንድ ክረምት እንደሆነ ሁሉ በዚያም አገር የብርድ ወር ነው። በመሀሉ ኃይለኛ ዝናብና ነፋስ መጣና የነበረውን ዱካ አጠፋው። አምስት ቀን ሆነ፤ ስድስት ቀን ሆነ፤ ሰባተኛውም አለፈ። ልጆቹን በሕይወት የማግኘቱ ተስፋ እየመነመነ ሄደ።

በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ አባትየው ዱካ መከተል የሚያውቁ የአገሩን ነባር ሰዎች ያስጠራው። እነዚህ ሰዎች እንደኛው ጥቁር የሆኑ፣ በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ናቸው። ነጮቹ ከባሕር ማዶ መጥተው ለበግ ግጦሽ መሬታቸውን ወስደውባቸዋል። ከመጡት ዱካ ተከታዮች አንዱን ነጮቹ ዲክ ኤ ዲክ ይሉት ነበር። በራሱ ቋንቋ ስሙ ጁንጉንጂናኑክ ነው። ይህ ሰው ከ4 ዓመት በኋላ እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ፣ በእንጨት ኳስ እየመቱ የሚጫወቱትን ክሪኬት የተባለ ጨዋታ ከወገኖቹ ጋር የተጫወተ ነው።

እነዚህ ሰዎች እንደ ሌሎቹ አልሮጡም። ጎንበስ ብለው መሬቱን ያዩ ጀመር። የተሰበረ ጭራሮ፣ የተኛ ሣር፣ ከቦታው የተነቃነቀ ጠጠር ለእነሱ ምልክት ነው። እዚህ ጋ ትንሹ ልጅ ደክሞት ተቀመጠ አሉ። እዚህ ጋ ትልቁ ተንበርክኮ በጀርባው አዘለው አሉ። እዚህ ጋ በጨለማ ሲሄዱ ቁጥቋጦው አልታያቸውምና ወደቁ አሉ። እኛ ፊደል ተምረን ይህን ጽሑፍ እንደምናነብ፣ እነሱም ዝናብ ያጠበውን መሬት አነበቡት።

ልጆቹ በጠፉ በ9ኛው ቀን ተገኙ። ሦስቱም ከቁጥቋጦ ሥር ተኝተው ነበር። ትንሹን ፍራንክን ከመሀላቸው አድርገውታል። ጄን በዚያ ብርድ የራሷን ቀሚስ አውልቃ ለወንድሟ አልብሳዋለች። ሰውነታቸው አልቆ አጥንታቸው ቀርቷል። ነገር ግን ሦስቱም በሕይወት አሉ! ትንሹ ልጅ አባቱን ባየ ጊዜ፣ ስንጣራ ቆይተን ለምን ቶሎ አልመጣህም ብሎ እንደ ጠየቀው ተጽፏል። ልጆቹ በእነዚያ ቀኖች የሄዱት መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል ተባለ።

ጄን አድጋ፣ ወልዳ፣ አርጅታ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 ዓረፈች። ልጆቹ በተገኙበት አካባቢ በ1935 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። ታሪካቸውም በቪክቶሪያ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ብዙ ልጆች ተምረውበታል።

እስቲ አሁን ቆም ብለን እናስብ። መሬቱን የሚያውቁት ሰዎች ሩቅ አልነበሩም። ታዲያ ዝናቡ ዱካውን ሳያጠፋው፣ በመጀመሪያው ቀን ቢጠሩ ኖሮ ልጆቹ ያን ያህል ሌሊት በብርድ ባልቆዩ ነበር። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ከዚህ ታሪክ ለእኛ ኑሮ የሚሆነንን እንውሰድ።

መጀመሪያ፣ ልጅ ሲጠፋ «ይመጣ ይሆናል» ብለን አንቆይ። ትንሽ ልጅን ብርድና ውሃ ጥም ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዱታል። መሸት ካለ ደግሞ የአውሬም ሥጋት አለ። ስለዚህ ወዲያው ለጎረቤት እንንገር። አንድ ሰው ለቀበሌና ለፖሊስ ይንገር። ስልክ ያለበት ቦታ ከሆነ ይደወል።

ሁለተኛ፣ ሩቅ ከመሮጣችን በፊት ቅርቡን አጥርተን እንፈትሽ። ከአልጋ ሥር፣ ከጎታ ኋላ፣ ከጎተራ ውስጥ፣ ከበረት፣ ከገለባ ክምር ሥር እንይ። ትንሽ ልጅ ሲጫወት ደክሞት እዚያው እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል። ይህን ስናደርግ አንድ ሰው ፈጥኖ ወደ ውሃ ይሂድ። ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ኩሬ፣ ወንዝ ዳር ወዲያው መታየት አለበት። ልጅ ውሃ ይወዳል፤ ውሃ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ሦስተኛ፣ ልጁ መጨረሻ የታየበትን ቦታ እንጠብቀው። ፍለጋ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ሰውም ከብትም እንዳይረግጠው አንድ አስተዋይ ሰው ይቁምበት። ዱካ የተገኘ እንደሆነ ዙሪያውን ጭራሮ ሰክተን ምልክት እናድርግበት። የምንከተለውም ከዱካው ጎን እየሄድን እንጂ ዱካውን እየረገጥን አይደለም። ዝናብ የሚመጣ ከመሰለ ዱካውን በሰፋ ቅል ወይም በሳህን እንክደነው።

አራተኛ፣ መሬቱን የሚያውቀውን ሰው እንጠይቅ። በየቀበሌያችን ዱካ የሚያውቅ አለ። የጠፋ በሬ ተከትሎ የሚያገኝ እረኛ አለ። እንጨት ለቀማ የምትሄደው እናት የጫካውን መግቢያና መውጫ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከልጁ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናትም የሚወደውን መደበቂያ ያውቃሉ። «ይኸ ምን ያውቃል» ብለን ማንንም አንናቅ። የእነ ጄን ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው። መሬታቸውን የተወሰዱት፣ እንደ አዋቂ ያልተቆጠሩት ሰዎች ናቸው ልጆቹን ያገኟቸው።

አምስተኛ፣ ፍለጋው ሥርዓት ይኑረው። 30 ሰው አንዱን መንገድ ቢመላለስበት ጥቅም የለውም። አንድ ሰው አስተባባሪ ይሁን። ሰዎቹ ተያይተው እንዲሄዱ በሰልፍ እንሰልፋቸው። ሁሉም የተሰጠውን ቦታ ቁጥቋጦውን እየገለጠ ይይ። ትንሽ ልጅ ሲፈራ ይደበቃል። ስሙን የሚጠራው የማያውቀው ሰው ከሆነ እየሰማ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የሚጣሩት እናቱ ወይም አባቱ ቢሆኑ ይሻላል። ከተጣሩ በኋላ ደግሞ ሁሉም ጸጥ ብሎ ያድምጥ። ሁላችንም ባንድ ጊዜ ከጮኽን የልጁን ደካማ ድምፅ ማን ይሰማዋል?

እዚህ ላይ የተማርነው ፊደል ሥራ ያገኛል። ደብተርና እርሳስ እናምጣ። የልጁን ስም፣ ዕድሜውን፣ የለበሰውን ልብስ፣ መጨረሻ የታየበትን ሰዓትና ቦታ እንጻፍ። ከዚያም ማን የትኛውን ቦታ እንደ ፈለገ እንጻፍ። «እነ እገሌ፣ ከወንዙ እስከ ትልቁ ዋርካ፣ እስከ 9 ሰዓት ፈልገው አላገኙም» ብለን የጻፍን እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ሰው ሌላ ቦታ ይሄዳል። የደነገጠ ሰው ይረሳል፤ ወረቀት ግን አይረሳም። ፖሊስ ሲመጣም ያንኑ ወረቀት አንብቦ ሥራውን ይጀምራል።

ዛሬ በአውስትራሊያ ልጅ ሲጠፋ ሄሊኮፕተር ይነሣል። ያለ ነጂ የሚበር፣ ከሰማይ ሆኖ ሥዕል የሚያነሣ ድሮን የሚባል መሣሪያም ይሰማራል። እንዲህም ሆኖ ዱካ የሚያነቡ ሰዎች አሁንም ይጠራሉ። መሣሪያ መኖሩ የሰውን ዕውቀት አላስቀረውም። እኛ ሄሊኮፕተር ባይኖረን፣ ዓይን፣ ጆሮና ትብብር አለን።

ልጁ ሲገኝስ? እልል ብለን ብቻ አንተወው። እርጥብ ልብሱን አውልቀን፣ በጋቢ ጠቅልለን፣ ገላችን ላይ አስጠግተን እናሙቀው። ውሃ ጥቂት ጥቂት እያደረግን እናጠጣው። ብዙ ጊዜ ሳይበላ ከቆየ ምግብ ባንድ ጊዜ አናብዛበት። ከዚያ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ልጆቻችንንም አስቀድመን እናስተምር። እነ ጄን በየቀኑ ስለ ተጓዙ ከሚፈልጓቸው ሰዎች እየራቁ ሄዱ። ስለዚህ ለልጅ እንዲህ ብለን እንንገረው። «መንገድ ከጠፋህ አትሂድ። አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥ። እኛ እንመጣለን። የሰው ድምፅ ስትሰማ አትደበቅ፤ ጩኽ፣ ድንጋይ ከድንጋይ አጋጭ።» የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የቀበሌውንም ስም ይወቅ። ይህ እሳት ዳር ተቀምጠን በአንድ ምሽት የምናስተምረው ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ልጅ ሲጠፋ እናትን መውቀስ የተለመደ ነው። «የት ሆና ነው?» ይባላል። ኧረ የት ትሆናለች! ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም፣ ስትፈጭ ነዋ! የምትወቀስ እናት ትደነግጣለች፤ ትክክለኛውን ሰዓት ለመናገርም ትፈራለች። ያ ሰዓት ደግሞ ለፍለጋው ያስፈልገናል። አንዱ ጎረቤት በሌላው ላይ ሐሜት ሲጀምርም ሰዎች ፍለጋውን ትተው ወሬ ይዘው ይቆማሉ። እውነተኛ ጥርጣሬ ያለው ሰው ለፖሊስ ይንገር፤ እግሩ ግን ከፍለጋው አይቁም።

ወገኖቻችን! ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ የጉድጓዳችንን አፍ እንይ፤ ክዳን ከሌለው እንክደነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ በቀበሌያችን ዱካ የሚያውቁ ሰዎች እነማን እንደሆኑ በስም እንጻፍና ወረቀቱን ሁሉም የሚያየው ቦታ እንለጥፈው። በችግር ቀን ማንን እንጥራ እያልን ሰዓት አናባክንም።