በትንሽ አይሮፕላን ጋቢና ውስጥ ታብሌት ስለ መትከልና ኃይል ስለ መስጠት
(ለማኅበራችን አባላት በቡይት ራስ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ቡይት ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ይህን ቁጥር የማነሣው ስለ አገሩ ብርድ ለማማረር አይደለም። ብዙዎቻችን በቦርሳችን ይዘነው የምንዞረው ታብሌት፣ በተለይም የቀድሞዎቹ የአይፓድ ሞዴሎች፣ ሠሪው ኩባንያ በሰጠው መግለጫ መሠረት እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው። የኋለኞቹ እስከ 5,000 ሜትር ተፈቅዶላቸዋል። እንግዲህ አሮጌውን አይፓድ ይዞ እዚህ የቆመ አብራሪ፣ ሞተር ሳያስነሣ፣ እግሩም መሬት ሳይለቅ፣ መሣሪያው ከተወሰነለት ወሰን አልፏል ማለት ነው። መሣሪያው ይሠራ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ሠሪው ግን ዋስ አልሆነበትም።

ስለ ታብሌት በተነሣ ቁጥር ጨዋታው ሁሉ ስለ ካርታውና ስለ ፕሮግራሙ ይሆናል። የትኛው ፕሮግራም ይበልጣል፣ የትኛው የተራራውን አደጋ በቀይ ቀለም ያሳያል እየተባለ ብዙ ይወራል። መሣሪያውን የሚይዘው ክንድና ኤሌክትሪክ የሚያደርስለት ገመድ ግን ለባለ ሱቁ ምርጫ ይተዋሉ። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ እነዚህ ስለ ተናቁት ሁለት ነገሮች ነው፤ በእኛ ደጋ ቀድመው የሚከዱን እነርሱ ናቸውና።

በትልልቆቹ አየር መንገዶች ዘንድ ጉዳዩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሲ-47ቱ አብራሪዎች የሚመለከቱት የወረቀት ካርታ ነበር። ወረቀቱ ቦታውን ለአይፓድ መልቀቅ የጀመረው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ከወጣ ወዲህ ሲሆን፣ በ2011 መጨረሻ የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪዎች በበረራው ደረጃዎች ሁሉ እንዲገለገሉበት ፈቀደ። ነገር ግን እዚያ ሁለት አብራሪ፣ ሁለት ታብሌትና አየሩ የታመቀ ጋቢና አለ፤ ማቀፊያውንም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመሩን አስቀድሞ ያጠና መሐንዲስ አለ። በሴስና 172 ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አንድ አብራሪ፣ አንድ ሞተርና አንድ የኤሌክትሪክ ምንጭ ብቻ ነው ያለው፤ የውስጡና የውጭውም አየር አንድ ነው።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚደርስ ለማየት ከጎንደር ተነሥተን በሐሳብ እንብረር። የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የመኪናው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትንና ደባርቅን እያገናኘ ወደ ሰሜን ይመራናል፤ ደባርቅ ላይ መሬቱ 2,800 ሜትር ገደማ ደርሷል። መንገዱን ተከትሎ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርድ አብራሪ መሬቱ ከሥሩ ስለሚሸሽለት እፎይ ይላል። ወደ ምሥራቅ፣ በቡይት ራስ፣ በሳንቃበርና በግጭ በኩል የሚዞር ግን መሬቱ ከአይሮፕላኑ እኩል ሲወጣ፣ ቆይቶም ሲቀድመው ያያል። ቧሂት ከ4,400 ሜትር፣ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ይበልጣሉ። የሴስና 172 ኤስ የከፍታ ጣሪያ 14,000 ጫማ፣ ማለትም 4,270 ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም አየሩ መደበኛ፣ ሞተሩም ጤነኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ ይህ አይሮፕላን ቧሂትን በላዩ ሊሻገር አይችልም፤ ያለው ምርጫ ጊዜ ሳያልፍ መመለስ ብቻ ነው። የሚመለስበትን ቦታ ያመለክተው የነበረው ካርታ በዚያች ደቂቃ ቢጨልም፣ ወይም ከነማቀፊያው ተላቆ በእግሩ ሥር ቢወድቅ፣ አብራሪው ዐይኑን ከገደሉ ነቅሎ ወደ ወለሉ ይሰዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ ኦክስጂን እያነሰ ሲሄድ የገዛ ራሱ አእምሮና ጣት እንደሚዘገዩ ለእናንተ አልነግርም።

በዚህ ሰማይ ዝቅ ብሎ የሚበር የለም የሚለኝ ቢኖር፣ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቃጠለ ጊዜ እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር እስከ ማስመጣት መደረሱን አስታውሰዋለሁ።

ወደ ማቀፊያው ልግባ። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው መስተዋት ላይ ተጭኖ፣ አየሩ ሲወጣለት የሚጣበቀው የጎማ ጽዋ ነው። ርካሽ ነው፤ ብሎንም አይፈልግም። ነገር ግን ጎማው መስተዋቱን የሚይዘው በራሱ ጉልበት አይደለም፤ አጣብቆ የሚያቆየው ከውጭ የሚጫነው አየር ነው። ዲያሜትሩ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጽዋ፣ በውስጡ ያለው አየር ጨርሶ ቢወጣለት፣ በባሕር ጠለል ላይ 52 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ይያዛል። በጎንደር ከፍታ ይኸው ኃይል ወደ 41፣ በ4,500 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 30 ይወርዳል። በእውነቱ አየሩ ጨርሶ የሚወጣለት ጽዋ የለም። ጎንደር ላይ ስንለጥፈው ከአካባቢው ግፊት አንድ አራተኛ ያህሉ በውስጡ ቀርቷል እንበል፤ ወደ ላይ ስንወጣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ታስሮ የቀረው አየር ከውስጥ መግፋቱን አይተውም። በ4,500 ሜትር ላይ ጽዋው ጎንደር ከነበረው ኃይል ከሲሶ በላይ የሚሆነውን አጥቷል። መሬት ላይ ጎትተን «ጠንካራ ነው» ያልነው ማቀፊያ ላይ ስንደርስ ያው ማቀፊያ አይደለም።

በዚያ ላይ የትንሽ አይሮፕላን መስተዋት በስሙ ብቻ መስተዋት ነው፤ የተሠራው አክሪሊክ ከተባለ ፕላስቲክ ስለሆነ ይለመጣል፣ ይጫጫራል። የበጋ አቧራ ያረፈበት እንደሆነ ደግሞ ጎማው ከአቧራው ጋር እንጂ ከመስተዋቱ ጋር አይጣበቅም። ስለዚህ ጽዋን መጠቀም ግድ የሆነበት ሰው ከፊት ሳይሆን ከጎን መስኮት ዝቅ አድርጎ ይለጥፈው፤ የፊቱ መስኮት ለሌላ አይሮፕላንና በዚህ አገር እንደ ልብ ለሚንሳፈፈው ጥንብ አንሣ ክፍት መሆን አለበት። ታብሌቱንም ከአንድ የጋቢና አካል ጋር በአጭር ማሰሪያ ያያይዘው፤ ቢላቀቅ እንኳ ተንጠልጥሎ ይቅር እንጂ ፔዳል ሥር አይግባ።

እኔ የማስበልጠው የመሪውን ዘንግ ወይም ሌላ ጽኑ ቱቦ በብሎን ጨብጦ የሚይዘውን፣ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ማቀፊያ ነው። ይህ ለከፍታ ደንታ የለውም። የራሱ ጣጣ ግን አለው። መሪው ላይ ያረፈ ታብሌት ከመሪው ጋር ይዞራል፤ ስለዚህ ከመነሣት በፊት መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው መዞር፣ እስከ መጨረሻው መሳብና መገፋት አለበት። ይህም ፈተና የሚደረገው ወንበሩ በሚበርበት ቦታ ተቆልፎ፣ አብራሪውም ራሱ ተቀምጦ፣ የለበሰውን ሁሉ ለብሶ ነው። በኅዳር ማለዳ ከደባርቅ አካባቢ የመጣ ሰው ወፍራም ካፖርት ደርቦ ሲቀመጥ፣ በሸሚዝ ሲሞከር ነጻ የነበረው መሪ ለማረፍ ሲሳብ ከታብሌቱ ጋር ጭኑን ሊመታ ይችላል። ትልቁን ታብሌት ለመሪ አልመክርም፤ 300 ግራም ገደማ የሆነው ትንሹ አይፓድ ይበቃል። ክንዱም ይጠር፤ ረጅም ክንድ ከሰዓት በኋላ ከገደሉ አፋፍ በሚነሣው ነፋስ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። በዱላ መሪ ለሚነዳ አይሮፕላን ደግሞ ጭን ላይ የሚታሰረው ሰሌዳ ይሻላል።

ስለ ኮምፓሱ አንድ ቃል። የታብሌት ሽፋን ማግኔት አለው፤ ድምፅ ማውጫውም እንዲሁ። ታብሌቱን በቦታው አድርጋችሁ፣ አንሥታችሁም፣ የኮምፓሱ መርፌ መነቃነቁን ተመልከቱ። ታብሌቱ ሲጠፋ የምንመለሰው ወደዚያው ኮምፓስ ስለሆነ በታብሌቱ እንዲበላሽ መፍቀድ እብደት ነው።

አሁን ኃይሉ። የድሮዎቹ ሴስና 172ዎች በ14 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩት ግን በ28 ቮልት ነው። ከሱቅ የምንገዛው በሲጋራ ማቀጣጠያ የሚሰካ ቻርጀር ለታክሲ ታስቦ የተሠራ፣ 12 ቮልት ብቻ የሚችል ከሆነ በ28 ቮልት ይቃጠላል፤ ሲቃጠልም በጠባብ ጋቢና ውስጥ የሚሞላው ጢስ ከካርታ መጥፋት የከፋ ነው። «ከ12 እስከ 24» ተብሎ የተጻፈበት ለጭነት መኪና የተሠራ ስለሆነ፣ ባለ 24 ቮልት መኪናም ሞተሩ ሲነሣ ወደ 28 ስለሚጠጋ፣ በጥሩ ሁኔታ የተሠራው ይችለዋል። የአይሱዙ ሾፌሮች ይህን ልዩነት ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። 5 ቮልትና 1 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር 5 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ስክሪኑ በቀትር ፀሐይ እንዲነበብ ብርሃኑ ሙሉ ሲደረግ የሚበላውን አይተካም፤ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል። 2.4 አምፔር የሚሰጠው 12 ዋት ያደርሳል። ይህ ከ28 ቮልት መስመር ግማሽ አምፔር እንኳ ስለማይወስድ ለአይሮፕላኑ ሸክም አይደለም። ቢሆንም ጄኔሬተሩ የቆመ ዕለት መጀመሪያ የሚነቀለው እርሱ ነው። ገመዱ አጭር ሆኖ በጎን በኩል ይሂድ፤ በሴስና ውስጥ ከነዳጅ መምረጫውና ከትሪም መንኰራኵሩ አጠገብ ማለፍ የለበትም። ቋሚ ሶኬት ማስገባት የፈለገ ደግሞ ነገሩ በአይሮፕላኑ ላይ የሚደረግ ለውጥ ስለሆነ ፈቃድ ባለው ቴክኒሺያን እንዲሠራና በመዝገብ እንዲጻፍ ያድርግ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እነዚህ ቻርጀሮች 28ን ወደ 5 የሚያወርዱት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ በማቆራረጥ ስለሆነ ጩኸት ይረጫሉ፤ ጩኸቱም እኛ ከምንነጋገርበት ከ118 እስከ 137 ሜጋሄርትዝ ድረስ ይደርሳል። ግንብ አጠገብ ሆነን አንሰማውም። ከዚህ፣ ተራራ ጋርዶን የጎንደር ድምፅ ቀጥኖ ሲመጣ ግን ይውጠዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ መሬት ላይ የሬዲዮውን ስኩዌልች ከፍቶ ቻርጀሩን መሰካትና መንቀል። ሹክሹክታው ከተለወጠ ያ ቻርጀር ለመኪና ይቅር።

ተንቀሳቃሽ ባትሪ፣ ማለትም ፓወር ባንክ፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ስለሆነ እኔ እወደዋለሁ። ባለ 10,000 ሚሊአምፔር-ሰዓቱ 37 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ፣ በመለወጥ የሚባክነው ተቀንሶም አንድ ታብሌትን አንድ ጊዜ ገደማ ይሞላል። ያበጠ ባትሪ ግን ወደ አይሮፕላን አይግባ፤ ደኅናውም ቢሆን እጅ በሚደርስበት፣ ፀሐይ በማይነካው ቦታ ይቀመጥ።

ሙቀትና ብርድ ቀርተዋል። ሠሪው ለአይፓድ የወሰነው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በስሜን ማለዳ ከዜሮ በታች በሚወርድበት ወራት አይሮፕላን ውስጥ ያደረ ታብሌት ሳይሞቅ ኃይል መሙላት የሊቲየም ባትሪን ይጎዳዋል፤ ማታ ይዛችሁት ግቡ። በቀትር ደግሞ ውጭው ቀዝቅዞ ሳለ፣ በመስተዋቱ የገባው የደጋ ፀሐይ ስክሪኑን ያግለዋል፤ ስስ አየርም ሙቀትን እንደ ቆላ አየር ጠርጎ አይወስድም። ታብሌቱ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ኃይል መቀበሉን ያቆማል፣ በመጨረሻ ይዘጋል። የቆዳ ሽፋኑን ማውለቅና የጋቢናውን አየር ማስገቢያ ወደ ጀርባው ማዞር ብዙ ይረዳል። ሲደበዝዝ የምታዩት ግን መጀመሪያ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቃችሁ ሞክሩ፤ ፖላራይዝድ መነጽር ስክሪንን እንደሚያጨልም የማያውቅ ሰው ጤነኛ ታብሌት ሲወቅስ ይውላል።

ለመግዛት የምታስቡ፣ የስልክ መስመር የማይቀበለው፣ በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው አይፓድ በውስጡ ጂፒኤስ እንደሌለው እወቁ። ካርታውም ከጎንደር ሳትነሡ ሙሉ በሙሉ ይውረድ። የወረቀቱ ካርታ፣ በጎንደርና በስሜን በኩል ታጥፎ፣ በበሩ ኪስ ይሁን።

ይዤ የመጣኋቸውን ሦስት ማቀፊያዎችና ሁለት ቻርጀሮች በጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬአቸዋለሁ። የእጅ ሬዲዮ የያዘ ባልደረባ ካለ፣ ቀይ ምልክት ያለበት ቻርጀር የሚያሰማውን ጩኸት በገዛ ጆሮው እንዲሰማ እጋብዛለሁ፤ ጥያቄም ካላችሁ እዚያው ቆሜ እመልሳለሁ።