ከወደብ እስከ ማሳ፦ የጭነት ትራንስፖርት ዕቅድ በኢኮኖሚያችን ውስጥ ያለው ቦታ



ዛሬ የምናገረው ስለ ጭነት ነው። በትራንስፖርት ዕቅድ ትምህርት ውስጥ ጭነት ለረጅም ጊዜ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ተሳፋሪ ይናገራል፤ ወረፋ ሲረዝምበት ያማርራል፤ ታሪፍ ሲጨመርበት አቤት ይላል። ኩንታል ግን አይናገርም። ስለ እርሱ የሚናገረው የገበያ ዋጋ ነው፤ እርሱም የሚናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን ኮርስ ባስተማርሁባቸው ዓመታት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ እሰጣለሁ፤ ለምታውቁት አካባቢ የጭነት ትራንስፖርት ዕቅድ ንደፉ እላቸዋለሁ። ከሞላ ጎደል ሁሉም የመንገድ ካርታ ይስላሉ። አዲስ አስፋልት፣ አዲስ ድልድይ፣ አንዳንዴም የባቡር ሐዲድ ይጨምሩበታል። ምን ያህል ጭነት፣ ከየት ወደየት፣ በየትኛው ወር፣ መኪናውስ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመለስ የሚጽፍ ከስንት አንድ ነው። በተማሪዎቼ አልፈርድም፤ የምንማርባቸው ሰነዶችም በአብዛኛው የተጻፉት እንደዚያው ነውና። የዛሬው ክርክሬ ግን ይኸው ነው፦ የጭነት ዕቅድ ከመንገዱ ሳይሆን ከጭነቱና ከጭነቱ የጊዜ ሰሌዳ መነሣት አለበት።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ ይመለሳል። ስለዚህ የተሳፋሪ ጉዞ በቀኑ መጨረሻ ራሱን በራሱ ያመዛዝናል። ጭነት ግን አይመለስም። ማዳበሪያው ማሳ ውስጥ ይቀራል፤ ብረቱ ሕንፃ ይሆናል፤ ነዳጁ ይቃጠላል። መመለስ ያለበት መኪናው ብቻ ነው። የመልስ ጉዞው ባዶ ከሆነ ደግሞ የዚያ ባዶ ጉዞ ወጪ የሚከፈለው በመጣው ዕቃ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ነው።

የእኛን ሁኔታ በቁጥር ላሳያችሁ። በ2016 በጀት ዓመት ወደ ውጭ የላክነው ቡና 300 ሺህ ቶን ገደማ ነበር፤ ያስገኘውም ከ1 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። አንድ ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና በተለምዶ 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን ይጭናል እንበል። በዚያ ዓመት ወደ ውጭ የላክነው ቡና በሙሉ በ7 ሺህ 500 ምልልስ ተጠቃልሎ ወደብ ይደርሳል። በአንጻሩ በዓመት ከውጭ የምናስገባው የአፈር ማዳበሪያ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል፤ ለዚህኛው ቢያንስ 25 ሺህ ምልልስ ያስፈልጋል። ስንዴ፣ ብረት፣ ማሽነሪና ተሽከርካሪ ገና አልተቆጠሩም። ወደ ውጭ የምንልከው በክብደቱ ቀላል፣ በዋጋው ውድ ነው፤ የምናስገባው በክብደቱ ከባድ፣ በብዛቱም ሰፊ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ሞልቶ የሚመጣው መኪና በብዛት ባዶውን መውረዱ የሹፌሮች ስንፍና ወይም የስምሪት ድክመት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የኢኮኖሚያችን ቅርጽ ነው በመንገዱ ላይ የሚታየው።

የትራንስፖርት ውሳኔ የአገርን መልክዐ ምድር እንደ አዲስ እንደሚጽፍ ከድሬዳዋ የተሻለ ምስክር የለንም። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት የባቡር ፈቃድ ሥራ ላይ ሲውል፣ ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምንለው ቦታ ደረሰ። ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት ውድ ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ አለፈ፤ በቆመበትም ቦታ ከተማ በቀለ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐረር ግን በባቡሩ ዘመን ሁሉ የቀድሞ የንግድ ቦታዋን አላስመለሰችም። መሐንዲሶቹ ያሰሉት የዳገቱን ወጪ ነበር፤ ከተማ እንመሠርታለን ብለው እንዳልተነሡ እገምታለሁ። ዛሬ ሞጆን የምታውቁ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር እያያችሁ ነው፤ ደረቅ ወደቡ ከተተከለ ወዲህ ከተማዋ በሌላ ሚዛን መለካት ጀምራለች።

ሁለተኛው ምስክር አሰብ ነው። እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. አብዛኛው የወጪና ገቢ ንግዳችን በአሰብ በኩል ይተላለፍ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ያ ሁሉ ጭነት በአጭር ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን የሚያልፈው በዚያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሣው የወደቡ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ስለ መንገዱ ላንሣ። ከአሰብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው የቀድሞ መስመር የሰሜኑን ደጋ ከባሕር ጋር በአጭሩ የሚያገናኝ ነበር። ወደቡ ቢቀርም ደጋው ባለበት አለ። ከጅቡቲ በገላፊ የሚገባ መኪና ሚሌ ሲደርስ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወደ አዋሽ ወርዶ ወደ መሐል አገር መሄድ፣ ወይም ወደ ምዕራብ ታጥፎ በወሎ በኩል ወደ ሰሜኑ መውጣት። ይህን መስቀለኛ መንገድ በአእምሯችሁ ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ማዳበሪያው ልግባ፤ የጭነት ዕቅድ ትርጉም የሚገለጥበት ከዚህ የተሻለ ጭነት አላውቅምና።

ማዳበሪያ በብትን በመርከብ ይመጣል፤ በጅቡቲ ወደብ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፤ በመኪና ወይም በባቡር ተጭኖ ወደ ማዕከላዊ መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ዩኒየን፣ ከዚያም ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይወርዳል። 50 ሺህ ቶን የጫነ አንድ መርከብ ማለት 1 ሺህ 250 ባለ ተሳቢ መኪና ማለት ነው። መርከቡ ቢዘገይ በወደብ የተሰለፈው መኪና ይቆማል፤ መኪናው ቢዘገይ መርከቡ የቀን ቅጣት ይቆጥራል፤ መጋዘኑ ቢሞላ ሁለቱም ይቆማሉ።

የመቆም ዋጋ ምን ያህል ነው? አብረን እናስላ። 1 ሚሊዮን ቶን ማዳበሪያ በ160 ቀን ውስጥ ማጓጓዝ አለብን እንበል። አንድ መኪና ከጭነት እስከ ጭነት ያለውን ምልልስ በ8 ቀን ቢያጠናቅቅ፣ በ160 ቀን 20 ጊዜ ይመላለሳል፤ 800 ቶን ያነሣል። ስለዚህ 1 ሺህ 250 መኪና ይበቃናል። አሁን በወደብ አንድ ቀን፣ በመጋዘን በር ላይ ሌላ አንድ ቀን ወረፋ ጨምሩበት። ምልልሱ 10 ቀን ይሆናል፤ 16 ጊዜ ብቻ ይመላለሳል፤ የሚያነሣው 640 ቶን ነው። ለዚያው ሥራ 1 ሺህ 563 መኪና ያስፈልገናል። ሁለት የወረፋ ቀን ከ310 በላይ ባለ ተሳቢ መኪና በላ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኋቸው ናቸው፤ ስሌቱ ግን ሁልጊዜ ወደዚሁ ያመራል። እጥረት ሲሰማን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንት መኪና እንግዛ?» ነው። መኪና ደግሞ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የመጋዘን በር ሁለት ቢሆን፣ ጫኝና አውራጅ በፈረቃ ቢሠራ፣ ሚዛኑ በሌሊትም ክፍት ቢሆን የሚተርፈውን መኪና ግን አንቆጥርም፤ በዓይን ስለማይታይ።

በ2008 ዓ.ም. የደረሰውን አስታውሱ። በኤልኒኖ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ 10 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ለቀጣዩ መኸር ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በጅቡቲ ተገናኙ። ሁለቱም ብትን ጭነት ናቸው፤ የሚፈልጉት ያንኑ የመርከብ ማረፊያ፣ ያንኑ የከረጢት መሙያ፣ ያንኑ መኪና ነው። ስንዴው ቢዘገይ ዘንድሮ ይራባል፤ ማዳበሪያው ቢዘገይ በሚቀጥለው ዓመት ይራባል። ይህ ምርጫ በችግሩ መሐል፣ በስልክና በአስቸኳይ ስብሰባ መወሰን አልነበረበትም ባይ ነኝ። የጭነት ዕቅድ የሚባለው ሥራ ዋና ጥቅሙ እንዲህ ያለውን ምርጫ አስቀድሞ በእርጋታ ማስላት ነው።

እዚህ ላይ ከግብርና ባለሙያዎች የተማርሁትን ልጨምር። ማዳበሪያ ስንል አንድ ነገር አይደለም። ኤንፒኤስ የሚሰጠው ከዘር ጋር ነው፤ ዩሪያ ግን በብዛት የሚጨመረው ሰብሉ ካደገ በኋላ ነው። በቆሎ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይዘራል፤ ጤፍ በአብዛኛው በሐምሌ። ስለዚህ የጭነቱ ተራ ከሰብሉ ተራ ጋር ሊገጥም ይገባል፦ አስቀድሞ ኤንፒኤስ ለበቆሎ አካባቢዎች፣ ቀጥሎ ለጤፉና ለስንዴው፣ ዩሪያው እየተከተለ። መርከብ የሚደርሰው ግን በጨረታና በክፍያ ተራ ነው። «በዚህ ወር ይህን ያህል ሺህ ቶን ገባ» የሚል ሪፖርት ስሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዬ የትኛው ዓይነት፣ ለየትኛው ወረዳ የሚል ነው። በሰኔ አጋማሽ መጋዘን ሙሉ ዩሪያ ይዞ ኤንፒኤስ የሚጠብቅ የበቆሎ ገበሬ፣ በቶን ሲቆጠር ማዳበሪያው ደርሶለታል። ማሳው ግን ቶን አይቆጥርም።

ወደ ባቡሩ ልለፍ። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። 50 ፉርጎ የሚስብ አንድ ባቡር፣ በየፉርጎው ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቢጭን፣ የ50 ባለ ተሳቢ መኪና ሥራ በአንድ ጉዞ ይሠራል። በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን «ባቡር ይሻላል ወይስ መኪና?» የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ የለውም። መልስ የሚኖረው መድረሻው ሲታወቅ ነው።

ለአርሲ ገበሬ የሚሄድ ማዳበሪያ በባቡር አዳማ ቢደርስ፣ ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀሪው መንገድ አጭር ነው፤ ባቡሩ ያሸንፋል። ለጎጃም ገበሬ የሚሄደውስ? በባቡር እንዶዴ ይደርሳል፤ በዚያ እያንዳንዱ ከረጢት በትከሻ ከፉርጎ ወርዶ መኪና ላይ ይጫናል፤ ከዚያ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ የሚሌ መታጠፊያ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በሚሌ ታጥፎ በወልድያና በወረታ ባሕር ዳር የሚገባ መኪና ወደ መሐል አገር መውረድ ሳያስፈልገው ጭነቱን አንድ ጊዜ ጭኖ አንድ ጊዜ ያራግፋል። እዚህ መኪናው ሊያሸንፍ ይችላል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ ሐዲድ የታሰበውም ይህን የሰሜን ጎን ከዋናው መስመር ጋር ለማያያዝ ነበር፤ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም በጦርነቱ ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል። ያልተሠራ ሐዲድ የሚያስከትለው ወጪ የለም፤ ተሠርቶ ጭነት የማያነሣ ሐዲድ ግን ዕዳው ይቆጥራል።

የኢንዱስትሪ ፓርኮችን በአጭሩ ልንካ። የሐዋሳው በ2008 ዓ.ም.፣ የኮምቦልቻው በ2009 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ሁለቱም ሲመረቁ በሐዲድ ላይ አልነበሩም። ልብስ ሰፍቶ ለውጭ ገበያ የሚልክ ፋብሪካ ጨርቁን ከውጭ ያስገባል፤ የተሰፋውን መልሶ ይልካል፤ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ወደቡን ይሻገራል። የደመወዝ ርካሽነት የሚያስገኘውን ጥቅም መንገዱ ሊበላው እንደሚችል ከፓርኩ ዲዛይን በፊት መሰላት የነበረበት ነው።

ስለ በርበራና ስለ ላሙም እጠየቃለሁ። አማራጭ ወደብ መኖሩን እደግፋለሁ፤ በአንድ በር ብቻ የሚወጣና የሚገባ ቤት ሥጋቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያለንን ጭነት ለሦስት ብንከፍለው፣ እያንዳንዱ መስመር ትልቅ መርከብና ሙሉ ባቡር ለመጥራት የሚበቃ ጭነት ላይኖረው ይችላል። ይህም ተመልሶ የጭነት ስሌት ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ክልሎችና ከተሞች ነው። የማያቸው የትራንስፖርት ዕቅዶቻቸው በአብዛኛው ስለ ሚኒባስና ስለ መናኸሪያ ናቸው። ጭነት የፌዴራል ጉዳይ ተደርጎ ይተዋል። ሆኖም መኪናው የሚቆመው በወረዳው መጋዘን በር ላይ ነው፤ በየኬላው የሚጠብቀውም በክልሉ መሬት ላይ ነው፤ በከተማው የቀን እገዳ ምክንያት እስኪመሽ ዳር ይዞ የሚያድረውም በከተማው ጫፍ ነው። ወረፋውን ሊያሳጥር የሚችለው አካል ስለ ወረፋው ዕቅድ የለውም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ስለዚህ አንድ ሥራ አቀርባለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሌላ የመንገድ ካርታ አታምጡልኝ። አንድ ዩኒየን ምረጡ። በአንድ የምርት ዘመን ወደዚያ መጋዘን የገባውን እያንዳንዱን መኪና የጭነት ሰነድ ሰብስቡ፤ መቼ ከወደብ ወጣ፣ መቼ በር ላይ ደረሰ፣ መቼ አራገፈ፣ ምን ይዞ ተመለሰ። ሹፌሮቹንና ረዳቶቹን ጠይቁ፤ የትኛው ኬላ ስንት ሰዓት እንደሚያቆም ከማንኛውም ሪፖርት በላይ እነርሱ ያውቃሉ። ሰነዱን ለማግኘት የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልጋችሁ ቢሮዬ ኑ፤ ግንቦት ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከግንቦት በኋላ የመጋዘን ኃላፊዎች የሚያነጋግራችሁ ጊዜ አይኖራቸውም።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።