ሥር የሰደደ የአንገት ሕመምና የእጅ ስልክ በሰቆጣ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



የአንገት ሕመም ነፍስ የሚያጠፋ ስላልሆነ ብዙ ሰው በዝምታ ይሸከመዋል። ይሁን እንጂ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 203 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ ሕመም ይሠቃዩ እንደ ነበር ተገምቷል። ሕመሙ ከ3 ወር ሲያልፍ ሥር ሰደደ እንላለን፤ ያን ጊዜ ከኪኒን ይልቅ በየዕለቱ የሚዘወተር የአካል እንቅስቃሴ ይረዳል። የሙያችን ፈተናም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። እንቅስቃሴውን ማሳየት የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፥ ማዘውተሩ ግን የብዙ ሳምንት ጉዳይ ነው።

እስቲ ወደ ሰቆጣ እንመልከት። ውሃና እንጨት በመሸከም ዕድሜዋን የገፋች አንዲት እናት ከዋግ ኽምራ ተራራማ ቀበሌ ተነሥታ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መጣች እንበል። በጀርባዋ ተኝታ፥ ራሷን ሳታነሣ፥ አገጭዋን በዝግታ ወደ ጉሮሮዋ አቅርባ 10 ሴኮንድ ያህል እንድትይዝ፥ ይህንንም እስከ 10 ጊዜ እንድትደግም እናስተምራታለን። በአንገቷ ፊት ያሉት ጥልቅ ጡንቻዎች የሚበረቱት በዚህ ነው። ወደ ቀየዋ ከተመለሰች በኋላ ግን በትክክል መሥራቷን ማን ያያል? ያንን ዳገትና ቁልቁለትስ ስንት ጊዜ ትመላለሰው?

የእጅ ስልክ ሊያገለግለን የሚችለው በዚህ ክፍተት ነው። ሆኖም በውጭ አገር የሚዘጋጁት መተግበሪያዎች በአብዛኛው ማንበብ ለሚችል፥ ስማርት ስልክና ኢንተርኔት ለማያጣ የቢሮ ሠራተኛ የታሰቡ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሕክምናችንን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ብንመሠርተው ኔትዎርኩ በጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል።

አርአያውን ሩቅ አገር መፈለግ አያሻንም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የግብርና የስልክ መስመር፥ ምክርን በተቀዳ ድምፅ፥ በተራ ስልክ ለገበሬው አድርሷል። እኛም እንዲሁ በአማርኛና በኽምጣና ተቀድቶ በስልኳ ላይ የሚጫን፥ ሴኮንዱን እየቆጠረ የሚመራት ድምፅ ልናዘጋጅላት እንችላለን። ኔትዎርክ ባይኖርም ድምፁ ከእርሷ አይለይም።

ይሁን እንጂ ስልክ አይዳስስም፤ አይመረምርም። እጅ የዛለበት፥ አረማመድ የተዛባበት፥ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ያለበት፥ ያለ ምክንያት የከሳ፥ ወይም ከወደቀ በኋላ አንገቱን የታመመ ሰው እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ መኖሩን መዘንጋት ብርቱ ስሕተት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ አስቀድሞ የባለሙያ እጅ፥ ቀጥሎ የስልኩ ድምፅ፥ ከዚያም የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጉብኝት። ሕመሙ ቢብስ ወይም አዲስ ምልክት ቢታይ እንቅስቃሴውን አቁማ እንድትመለስ ድምፁ ራሱ ደጋግሞ ይንገራት።

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፥ ይህን ድምፅ ሌላ ሰው እስኪቀዳልን መጠበቅ የለብንም። ቃሉን የምናውቀው እኛ ነን፤ ቋንቋውን የሚያውቁት ደግሞ የዋግ ልጆች ናቸው። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ ዘንድ ማኅበራችን ሥራውን እንዲጀምር በትሕትና አሳስባለሁ።