የጎጃም የዛፍ እንቁራሪትና የወንዝ ዳር አፈር



ግንደወይንን፣ ቢቸናንና ሞጣን በክረምት የሚያውቅ ሰው፣ አመሻሽ ላይ ከየጅረቱ የሚነሣውን ድምፅ ያስታውሳል። እኛ ሁሉንም «እንቁራሪት» ብለን እናልፋለን። ዛሬ የምናገረው ግን ሌፕቶፔሊስ ያልደኒ ስለምትባለው የጎጃም ደጋ የዛፍ እንቁራሪት ነው።

ዝርያዋን እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ማልኮልም ላርገን ነው፤ ስያሜውም የኢትዮጵያን አጥቢ እንስሳት ላጠናው ለዴሪክ ያልደን መታሰቢያ ሆኗል። ከአገራችን ውጭ አትገኝም። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪት ወገኖች መካከል ከሲሶ በላይ የሚሆኑት እንደ እርሷ ብርቅዬ ናቸው።

ይህች ፍጡር የግድ ጥቅጥቅ ያለ ደን አትሻም፤ ቁጥቋጦ ባለበት የሣር መስክና በወንዝ ዳር ዛፎች ትኖራለች። ከዚህ በመነሣት፣ ደኑ ቢመነጠርም ትተርፋለች ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ክርክሩ መኖሪያዋን ቢያይም መራቢያዋን ዘንግቷል። የሌፕቶፔሊስ ወገን እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በውኃ ውስጥ ሳይሆን፣ በውኃው አጠገብ ባለ እርጥብ አፈር ቀብረው ነው። ባለ ጅራቱ እጭ ተፈልፍሎ ወደ ውኃው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የዘሯ ዕጣ የተመሠረተው ጥቂት ክንድ ስፋት ባላት የወንዝ ዳር መሬት ላይ ነው። ማረሻው እስከ ጅረቱ አፋፍ ሲደርስ፣ ከብቱ ዳርቻውን ሲረግጠው፣ ባሕር ዛፍ እርጥበቱን ሲመጠው፣ አዋቂዋ እንቁራሪት በቁጥቋጦው ላይ እየጮኸች ተተኪ ልታጣ ትችላለች። ድምፅ መስማታችን ብቻውን ደኅንነቷን አያረጋግጥም።

በዚህ ላይ የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው የኪትሪድ ፈንገስ በአገራችን እንቁራሪቶችም ላይ በስፋት ተገኝቷል።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ መሬቱ ጠቦት ልጆቹን ለማብላት የሚታገል ሰው ነውና ወቀሳው ፍትሐዊ አይሆንም። ሆኖም በወንዝ ዳር ሣርና አገር በቀል ዛፍ ቢተው፣ የሚጠበቀው የገዛ ራሱ አፈር ጭምር ነው፤ ጎርፍ የሚወስድበት እርሻ ይቀንሳልና። የገበሬውና የእንቁራሪቷ ጥቅም በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ይገናኛል።

ተማሪዎቼ፣ በመጪው ክረምት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ ወደ ጅረቱ ውረዱ። ድምፁን ብቻ ሳይሆን የዳርቻውን አፈር መዝግቡ፤ ምን ያህሉ እንደታረሰ፣ ምን ያህሉ እንደተረፈ። የሩቅ አገር ሰው ስም ያወጣላትን ፍጡር መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው።