ከባሕር ማዶ የሀገር ቤት ቴሌቪዥን

ዋሽንግተን ያለ ዘመዳችሁ የቱንም ያህል ትልቅ ዲሽ ቢተክል በኢትዮሳት የሚተላለፉትን የኢትዮጵያ ቻናሎች አይዝለትም። ለምን? ቻናሎቹ የሚተላለፉበት ሳተላይት ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ ነው ያለው። ዲሽ ሳተላይቱን ፊት ለፊት ማየት አለበት፤ ከአሜሪካ ግን ምድር ራሷ ትጋርደዋለች። ስለዚህ እዚያ መንገዱ ኢንተርኔት ነው፤ በተለይ ዩቲዩብ።

እኔን የሚቆጨኝ ሰዓቱ ነው። የሀገር ቤቱ የምሽት 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ዋሽንግተን ገና ቀትር ግድም ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጀበናው ተጥዶ፣ ስልኩን ከስኳር ዕቃው አስደግፎ ያንኑ ዜና ይከፍታል። አዲስ አበባ ያለችው እናቱ ያን ጊዜ ተኝታለች። «እማዬ፣ አየሽው?» ብሎ የሚደውልላት ሲነጋላት ነው።